ከሻይ ማንኪያ ያልበለጠ

«እሱን ኩባያ ተዪው!»

የትምወርቅ የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ። የኩሽናው መስኮት ደፍ ላይ ለብቻው የተቀመጠውን ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ልታነሳ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሻይ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል፤ ዕድሩ ያመጣው ብርጭቆ ሁሉ ወጥቷል፤ ሶልያና የተመለሰውን አጥባ ለማድረስ ክንዷ እስኪዝል ትጣደፋለች። በዚህ መሀል ባዶ ኩባያ ተቀምጦ ያየ ሰው ቢያነሳው አይፈረድበትም።

የሶልያና እናት ወይዘሮ ሰገነት የኩሽናው በር ላይ እንደቆመች ኩባያውን ለአፍታ አየችው። ጥቁር ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳብ አደረገችና ሌላ ቃል ሳትጨምር ወደ ሐዘን ፍራሿ ተመለሰች።

«ምን አጠፋሁ?» አለች የትምወርቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ቅቤና ቅመም ነጋዴ ናት፤ ግቢዋ ከእነ ሶልያና ጋር አጥር ይጋራል። ኦርቶዶክስ ብትሆንም ከትናንቱ ቀብር ጀምሮ ከዚህ የጴንጤ ኩሽና አልወጣችም። «የሟች ዕቃ ስለሆነ ነው? ለመታሰቢያ?»

«አይደለም» አለች ሶልያና።

«ታዲያ?»

«እንዲሁ የአባቴ ነው። ሌላ ሰው አይጠጣበትም።»

ይህ እውነት ነበር። ያላለችው ግን ይበልጣል። ኩባያውን ከመደርደሪያው አውርዳ መስኮቱ ላይ ያስቀመጠችው እናቷ ራሷ ናት፤ ከአምስት ወር በፊት፣ ጥቅምት ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መምህር ኤርካሎን ከመጠጥ ጠርሙስ ጋር ያገኙት ዕለት። ሽማግሌዎቹ ባልንጀራቸውን ከኅብረት አገዱት። ወይዘሮ ሰገነት አልጮኸችም፤ ዘመድ አልሰበሰበችም። የባሏን ኩባያ ከቤተሰቡ ኩባያ ለየች፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ሻዩን በዚያ ኩባያ ለብቻው ትሰጠዋለች። መምህር ኤርካሎም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀበላል፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ራሱ አጥቦ መስኮቱ ላይ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ጠርሙሱ ግን የእሱ አልነበረም። የሶልያና ነው። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ትናንት ተቀበረ።

«እኔ እንግዲህ ሃያ ዓመት ጎረቤታችሁ ነኝ» አለች የትምወርቅ የቦሎቄውን ንፍሮ ከድስት ወደ ሳፋ እየገለበጠች። «አንድ ቀን ሲንገዳገድ አላየሁትም። የሚጠጣ ሰው እኔ አላውቅም? የአባቴ ቤት ጠጅ ቤት ነበር። የሚጠጣ ሰው በር ሲከፍት ያስታውቃል። ቲቸር ግን በር ከመክፈቱ በፊት ማጠፊያውን ዘይት የሚቀባ ሰው ነው።»

ሶልያና ሳቅ አመለጣት።

«ሳቂ፣ ምን አለበት። እኛ ጋ ቢሆን ጠላ እየተጠጣ ነበር የሚለቀስለት። እናንተ ደግሞ በሻይ ማልቀስ! እንባው ራሱ ከየት ይመጣል?»

ሶልያና ትሪውን ይዛ ወጣች። ድንኳኑ ውስጥ፣ ከሴቶቹ ረድፍ ጀርባ፣ ሁለት የጉባኤው እናቶች ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ያወራሉ።

«ጉበቱ ነው አሉ።»

«ደም ግፊት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ግፊቱን ምን አመጣው? ያው መጠጡ አይደል! ምስኪን ሰገነት። ስንት ዓመት ደብቋት ኖሯል።»

ቀና ሲሉ አዩዋት። ሁለቱም ፊታቸውን ወዲያው ለሐዘን አዘጋጁ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ጌታ ያጽናሽ።»

«አሜን» አለች ሶልያና፣ ሻይም ሰጠቻቸው። አሜን ቀላል ነው። እንደ እሺ።

*

ነገሩ የተጀመረው ሶልያና ሐዋሳ የምግብ ሳይንስ ስትማር ነው። ለተግባር ልምምድ የተመደበችበት የሐይቅ ዳር ሆቴል ኩሽናው ሰው ሞልቶት ስለነበር ወደ ባሩ ገፏት። ባሩ ውስጥ ሰሎሞን የሚባል ሰው ነበር፤ ከንፈሩን ሳያላቅቅ የሚያወራ፣ እጁ ግን የማይሳሳት። ኮክቴል ማለት ቀለምና የወረቀት ጃንጥላ የሚመስላቸውን እንግዶች ይንቃቸዋል። «ሦስት ነገር ነው» ይላታል፤ «የሚያቃጥል፣ የሚጎመዝዝ፣ የሚጣፍጥ። ሦስቱን ሳታጣዪ አስቀምጫቸው። ከዚያ በረዶው ያስታርቃቸዋል።»

ሶልያና ጸሎት ላይ ትዕግሥት የላትም፤ ወረፋ ላይ ትዕግሥት የላትም፤ ከእጮኛዋ ከሚልክያስ ጋር ቀጠሮ ሲኖራት እንኳ አምስት ደቂቃ ካለፈ ትታው ትሄዳለች። በረዶ ውስጥ የሚናጥ መጠጥ ግን ታግሳ ትጠብቃለች። ሶዶ ተመልሳ ዱቄት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆና ስትቀጠር ሥራው ቀኑን ሙሉ እርጥበት መለካት ሆነባት። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የእናቶች ጸሎት ስትሄድ ሰርቪስ ክፍሏ ውስጥ ኮክቴል ትቀላቅላለች። ጂኑ በሻንጣዋ ታች፣ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ ነው። የኮክቴል መናጫ ሼከር የላትም፤ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ የማርማላታ ብልቃጥ አላት። በረዶውን በፌስታል አቀዝቅዛ በዘነዘና ታደቀዋለች።

አባቷ ያገኛት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። አንኳኳ፤ ሳታስብ «ግባ» አለች።

መምህር ኤርካሎ ሎሚውን፣ በረዶውን፣ ጠርሙሱን ተራ በተራ አየ። በዚህ ከተማ ግማሹን ሰው ኬሚስትሪ ያስተማረ፣ ለአሥራ ስምንት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነ ሰው ነው። ሶልያና ስብከቱን እየጠበቀች ትከሻዋን አጠበበች።

«በምንድን ነው የምትለኪው?» አለ።

«በ... በጠርሙሱ ክዳን።»

«በክዳን!»

ጠርሙሱን ሲያይ ያልተቀየመው ሰው አሁን ተቀየመ። ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ ጡረታ የወጣ ዕለት ትምህርት ቤቱ የሸለመውን የመስታወት መለኪያ ይዞ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እስከ ሃምሳ ሚሊ ሊትር የተሰመረበት። ሳሎን ውስጥ ከመጽሐፍ ቅዱሱ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው።

«ዓይንሽን ከፈሳሹ እኩል አድርጊ። ከላይ ሆነሽ አታንብቢ፤ ያታልልሻል።»

«አባ፣ አልተቆጣህም?»

«ተቆጥቻለሁ። እሱን ለብቻው እናየዋለን።» ከሻይ ዕቃው መሀል ትንሿን ማንኪያ መረጠ። «ሠላሳ አንድ ዓመት የአልኮልን ቀመር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ጣዕሙን ግን ተማሪዎቼ ናቸው የሚያውቁት። ይሄ ለአስተማሪ ነውር ነው።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነ። ሶልያና ትለካለች፤ ትንጣለች፤ ብልቃጡ ቀዝቅዞ ጣቷን ሲያማት ታቆማለች፤ በሻይ ማጥለያ ብርጭቆ ላይ ታጠልላለች። እሱ አንዲት ማንኪያ ይቀዳል። በግራ መዳፉ ማንኪያውን ከለል አድርጎ ወደ አፉ ይወስዳል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይዞ ይቆያል፤ ሳህን ላይ ይተፋል፤ በውሃ ይጉመጠመጣል። «መጠጣት የሚጀምረው ከጉሮሮ በታች ነው» ይላል። ቀጥሎ ቀይ እስክሪብቶውን አውጥቶ ደብተር ላይ ያርማል። ጂን ሳወር፣ ከአሥር አራት፤ «ጎምዛዛው ቀድሞ ጮኸ፣ ጣፋጩ ዘግይቶ ደረሰ።» ኦልድ ፋሽንድ ለሚባለው ኮክቴል የሚሆን መራራ ጠብታ ሶዶ ውስጥ ሲጠፋ ከጓሮ ጤና አዳም ቆርጦ ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ጂን ውስጥ ለዘጠኝ ቀን ዘፈዘፈው። ስድስት ሰጣት፤ ግማሹ የራሱ ውጤት መሆኑን ግን አልካደም። ዝንጅብልና ማር አፍልቶ፣ ብልቃጥ ላይ ቀኑን ጽፎ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠውን ደግሞ እናቷ ለጉሮሮው መስሏት ነበር።

ትልቁ ውጤት ሰባት ነው።

«አሥር መቼ ነው የምትሰጠኝ?» አለችው አንድ ቀን ተናዳ።

«አሥር ከሰጠሁሽ ቅዳሜ ምን እንሠራለን?»

*

አሥራ ዘጠነኛው ቅዳሜ ተራው የዳይኪሪ ነበር። ሰሎሞን ከሐዋሳ በሰው የላከላት ረም፣ የሁምቦ ሎሚ፣ ስኳር። ሌላ ምንም የለውም፤ ሦስት ነገር ብቻ ስለሆነ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ አያገኝም። አጥልላ ጨረሰች። አባቷ ማንኪያውን ሞልቶ መዳፉን ከለል አደረገ።

በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተንኳኳ፤ የሚከፍት ሰው ሳይጠበቅም ተከፈተ። «ወንድም ኤርካሎ! ቤት ናችሁ?» ድምፁ የአቶ ዳልጮ ነው። አቶ ዳልጮ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ናቸው። የሚልክያስም አባት ናቸው። ሚልክያስና ሶልያና ደግሞ ሚያዝያ ላይ ሊጋቡ ቀን ቆርጠዋል።

ሶልያና በጓሮ በር ወጣች። አላሰበችም፤ እግሯ ነው ያሰበው። የውሃ ታንከሩ ጀርባ ቆመች። አባቷ በሩን ዘግቶ የሚከተላት መስሏት ነበር። እሱ ግን አልሮጠም፤ ሮጦ አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሊያማክሩት ሦስት ሆነው መጥተው፣ የሰርቪሱ በር ገርበብ ብሎ ስላዩት ወደዚያው አቀኑ።

የጭቃ ግድግዳ ድምፅ አያስቀርም።

«ወንድም ኤርካሎ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ማንኪያ ብርጭቆ ላይ ሲቀመጥ ሰማች።

«የእኔ ነው።»

«ሁሉም?»

«እዚህ ግቢ ውስጥ ያለው ሁሉ የእኔ ነው።»

ከታንከሩ እስከ በሩ ሁለት እርምጃ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው በሌለበት ለክታዋለች፤ ሁለት ነው፤ ሦስት እንኳ አይሞላም።

ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ገባች። አባቷ ብርጭቆውን ሳህኑ ላይ እየደፋ ነበር። «ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አለች፤ ስትል ግን በሩ ላይ እንደቆመች ነው።

«ሰርግሽ ይለፍ። ቅጣት ላይ ያለ ሰው በቤተ ክርስቲያን አይጋባም። የአባት ቅጣት ግን ለልጅ አይተርፍም። ደንቡን ስንጽፍ እኔ ነበርኩ ጸሐፊው» አለ። «ከሰርጉ በኋላ አብረን ሄደን እንነግራቸዋለን።»

«እማስ?»

«እናትሽ ሚስጥር ይከብዳታል። እሷም ያኔ ትስማ።»

«እሺ» አለች።

አልተከራከረችም። አላለቀሰችም። ዳቦ ግዢ ሲላት የምትለው ዓይነት እሺ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በምእመናን ፊት ቆሞ ንስሐ ቢገባ በሦስት ወር እንደሚመልሱት ነገሩት። እምቢ አለ። «ጠርሙሱ የእኔ ነው ብያለሁ፤ ቤቱ የእኔ ስለሆነ አልዋሸሁም። ጠጣሁ ብዬ ግን መድረክ ላይ አልዋሽም» አላት ለሶልያና። አምስት ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ከበሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የጌታ እራት ሲታደል ሳህኑ ሳይደርሰው ይመለሳል። ሶልያና ከሚልክያስ ጎን ሆና ዞራ ላለማየት አንገቷን ታደርቃለች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰርጉ አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ አባቷ የልብስ ማስጫው ሥር ወድቆ ተገኘ። ሐኪሙ ግፊቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ማፍሰሱን ነገራቸው። ከሰዓት በኋላ ሞተ።

*

የሕይወት ታሪኩን የጻፈችው ሶልያና ናት፤ ከቤቱ ላፕቶፕ ያላት እሷ ስለሆነች። እሁድ ጠዋት አቶ ዳልጮ መጥተው ከጎኗ ተቀመጡና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ጥሩ ነው፣ ልጄ። ይቺን መስመር ብቻ...»

«የትኛዋን?»

«‹ለአሥራ ስምንት ዓመት በሽምግልና አገልግለዋል› የምትለዋን። ቅጣቱ ሳይነሣ ስላረፉ ሕዝቡ ግራ ይጋባል። አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ ይገባሻል።»

ሶልያና መስመሩን አጥቁራ አጠፋችው። አሥራ ስምንቱ ዓመት ሲጠፋ የታችኛው መስመር ወደ ላይ ወጣ፤ ክፍተት እንኳ አልቀረም። ቀብሩ ላይ መዘምራኑም ቅጣቱ ስላልተነሣ ያለ ካባ መጡ፤ ከሕዝቡ ጋር ቆመው ከሕዝቡ ጋር ሄዱ።

*

ሰኞ ከሰዓት የአባቷ ታናሽ ወንድም ጩማ ከገሱባ ደረሰ። መንገዱ ዝናብ አበላሽቶት መኪናው ሁለት ቦታ ተይዟል፤ ቀብሩ አመለጠው። ድንኳኑ ውስጥ ጮክ ብሎ በወላይትኛ አለቀሰ፤ ሰዎቹ «በቃ፣ በቃ» ብለው አስቀመጡት። ሲረጋጋ ሶልያናን ፈልጎ ኩሽናው ደጃፍ ላይ አገኛት። ጩማ አማርኛ ሲናገር ሴትና ወንድ አይለይም፤ ሁሉም ሰው «አንተ» ነው።

«በላህ?»

«በልቻለሁ፣ አጎቴ።»

«አልበላህም። ፊትህ ይናገራል።» አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። «ወንድሜ ይጠጣል ይላሉ። እዚያ ገሱባ ድረስ ወሬው መጣ። እውነት ነው?»

«አይጠጣም ነበር።»

«እኔም እንደዚያ አልኩ! ልጅ ሆነን ቦርዴ ሲሰጡን እሱ የራሱን ለእኔ ይሰጠኛል። እኔ ሰክሬ እወድቃለሁ፤ እሱ ተሸክሞኝ ይሄዳል።» ሳቀ፤ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ታዲያ ጠርሙሱ የማን ነው?»

ሶልያና ተነሣች። «ሻይ ላምጣልህ።»

«ሻይ ጠጣሁ። ቁጭ በል።»

አልተቀመጠችም። ጩማ አልገፋበትም። «ነገ የምስጋና ቃል የምናገረው እኔ ነኝ አሉኝ። የእኔ አማርኛ አጭር ነው። አንተ ተምረሃል። ጻፍልኝ።»

ጻፈች። ዕድሩን፣ ጎረቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጡትን። ወረቀቱ ሞላ፤ አንድም እውነት የለበትም።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሶልያና የእናቷ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እማ፣ የምነግርሽ ነገር አለ።»

ወይዘሮ ሰገነት አልሰማቻትም፤ ወይም የራሷን ነገር ስታወጣ ነበር። «እንደተቆጣሁት ነው የሞተው» አለች ግድግዳውን እያየች። «ቅዳሜ ጠዋት ደህና አደርክ እንኳ አላልኩትም። ይቅር ልበለው እላለሁ፤ ያቺን ኩባያ ሳያት እንደገና እቃጠላለሁ። የሞተ ሰው ላይ ይናደዱበታል እንዴ፣ ሶሊ?»

«እማ...»

«ጌታ ያጽናችሁ!» ከቢጠና የመጡ ዘመዶች በሩን ሞልተው ገቡ። ወይዘሮ ሰገነት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሶልያና ተነሥታ ቦታ ለቀቀች፤ እንደ ታንከሩ ዕለት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሁለት እርምጃ ቀራት።

ሚልክያስ አግዳሚ ወንበር ሲደረድር ድንኳኑ በር ላይ አገኘችው። «ትንሽ አረፍ በዪ» አላት። «ዓይንሽ ቀልቷል።»

«ሚልኪ፣ ዛሬ አንድ ነገር እናገራለሁ። አባትህ ደስ አይላቸውም። አንተም ደስ አይልህም።»

«ምንድን ነው?»

«ከሰው ጋር ስማው። ሁለት ጊዜ መናገር አልችልም።»

*

ከሰዓት በኋላ የማጽናኛው ፕሮግራም ተጀመረ። ተጸለየ፤ ቃል ተነበበ። አቶ ዳልጮ ስለ ተስፋ ተናገሩ፤ ስለ ሟቹ ሕይወት አልተናገሩም። በመጨረሻ ድምፅ ማጉያውን ወደ ጩማ ዘረጉ። «ቤተሰቡን ወክለው አቶ ጩማ የምስጋና ቃል ያሰማሉ።»

ጩማ ተነሣ። ወረቀቱን ገልብጦ አየው፤ አጠፈው። «የወንድሜ ልጅ ይናገራል» አለና ማይኩን ለሶልያና ሰጥቶ ተቀመጠ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሶልያና ቆመች። የምስጋናውን ዝርዝር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰች፤ ሕዝቡ አሜን ብሎ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።

«አልጨረስኩም» አለች።

ጫማ ፍለጋው ቆመ።

«እሁድ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ መስመር ይጎድለዋል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መምህር ኤርካሎ ቤተ ክርስቲያናቸውን ለአሥራ ስምንት ዓመት በሽምግልና አገልግለዋል። ሌላም የጎደለ አለ። ጥቅምት ላይ እዚህ ግቢ የተገኘው መጠጥ የእኔ ነው። የምቀላቅለውም የምጠጣውም እኔ ነኝ። አባቴ በሻይ ማንኪያ ይቀምስልኝ ነበር፤ የቀመሰውንም ይተፋዋል። ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ታንከሩ ጀርባ ነበርኩ። ‹የእኔ ነው› ሲል ሰምቻለሁ። አልወጣሁም። እስከ ዛሬም አልወጣሁም።»

ከአስፋልቱ በኩል የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ። የድንኳኑ ሸራ በነፋስ ተነፋ፤ ተመልሶ ተኛ።

አቶ ዳልጮ ማይኩን ከእጇ ቀስ አድርገው ወሰዱ። «እኅታችን በሐዘን ደክማለች። በመዝሙር እንዝጋ።»

«ደክማለች ምን ማለት ነው?» አለች የትምወርቅ ከኋላ፣ የንፍሮ ሳፋ እንደያዘች። «ልጅቷ የተናገረችው ይሰማል እኮ!»

ሁለት ሦስት ሰው መዝሙሩን አነሣ፤ ሌላው ዘግይቶ ተከተለ፤ ዜማው እንደ ተጎተተ ዕቃ ሄደ። ጩማ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ማልቀሱን መሳቁን መለየት አልተቻለም። ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ወይዘሮ ሰገነት ተነሣች። ፊቷን በነጠላዋ አልሸፈነችም። ማንንም ሳታይ ወደ ቤት ገባች።

ሰው መበተን ሲጀምር አቶ ዳልጮ ወደ ሶልያና መጡ። ከመድረክ ላይ ይልቅ እዚህ አጥረው ታዩ።

«ሐሙስ ቢሮ ነይ።»

«እመጣለሁ።»

ለመሄድ ዞሩ፤ ተመለሱ። «ጠይቄው ነበር» አሉ። «‹ሁሉም?› ብዬ ጠይቄዋለሁ። ሰምተሻል አይደል? ስጠይቀው?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ጠይቄዋለሁ» አሉ እንደገና፤ ለእሷ ግን አልነበረም።

ሶልያና ከተናገርኩት ይቀለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልቀለላትም። አሁን ሁሉም ያውቃል፤ አባቷ ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው የሞተው፤ ያንን ማንም ወደ ፊት አምጥቶ አያስቀምጠውም። ሚልክያስ ወንበሮቹን ወደ ዕድሩ መኪና ሲያመላልስ ሁለቴ በአጠገቧ አለፈ። በሦስተኛው ቆመ።

«ያዢልኝ» አለ የአግዳሚውን ሌላ ጫፍ እያሳያት። ተሸክመው ሄዱ። መኪናው ላይ ሲያወጡት «ለእኔ እንኳ አልነገርሽኝም?» አላት።

«ለአንተ እንኳ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ይሁን እምቢ አልገባትም። ሌላ ወንበር ሊያመጣ ሄደ።

*

ድንኳኑ ተነቅሎ ሣሩ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የተረገጠው ቦታ ብቻ ቀረ። ሶልያና ደብተሩን ከሰርቪስ ክፍሏ ይዛ ኩሽና ገባች። እናቷ መስኮቱ ጋ ቆማ ኩባያውን ታያለች።

«ስንት ቅዳሜ ነው?» አለች ሳትዞር።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«እኔ ለእናንተ ስጸልይ።»

ሶልያና ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ገልጣ አስቀመጠችው። ወይዘሮ ሰገነት ቀዩን የእጅ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች፣ ሳታነብ የምታነብ ያህል፣ ገጹን ወረደች።

«ይስቅ ነበር?»

«አልፎ አልፎ። ስኳር ሳበዛ።»

«ይሄኛው ለምን ባዶ ነው?»

አሥራ ዘጠነኛው ረድፍ ነው። ዳይኪሪ። ውጤት የለውም።

«አልቀመሰውም። ማንኪያው እጁ ላይ እያለ ነው የመጡት።»

ሶልያና አንድ እርምጃ ተጠጋች። «እማ...»

«አትንኪኝ።»

ቆመች። ወይዘሮ ሰገነት ሰማያዊውን ኩባያ አነሣች። ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳችበት። ከፍሪጁ የዝንጅብልና ማሩን ብልቃጥ አውጥታ ቀኑ የተጻፈበትን ወረቀት አየች፤ ሶልያናን አየች።

«ይሄም?»

«ይሄም።»

አንዲት ማንኪያ ጨመረችበት፤ አማሰለች። እንደቆመች፣ ሳትቸኩል፣ እስከ ታች ጠጣችው። ከዚያ ኩባያውን በሳሙና አጠበች፤ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች። የመደርደሪያውን ኩባያዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፍታ መሀል ላይ፣ ድሮ በነበረበት፣ አስቀመጠችው።

እጇን ግን ወዲያው አላወረደችም። ከዳር ያለችውን ቢጫ ኩባያ፣ የሶልያናን፣ አንሥታ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረች። ሻይ ሞላችባት።

ሶልያና ኩባያውን አየችው። በሁለት እጇ ተቀበለች።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

ጠጥታ ስትጨርስ ራሷ አጠበችው፤ መስኮቱም ላይ መልሳ አስቀመጠችው።